የአቶ አልመለሱልኝም ድምፅ

በመሥሪያ ቤቱ ከጥበቃው እስከ ሚኒስትሩ ድረስ ሁሉም «እትዬ የተከበሩ» ይሏታል። መከበሩንስ ትከበራለች፤ ስሙ የወጣላት ግን በሥራዋ ነው። ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርቦ ሊጠየቅ ሲል፣ በዋዜማው በትንሿ የስብሰባ ክፍል ልምምድ ይደረጋል። አንድ ሰው የምክር ቤት አባል ይሆንና ነገ የሚመጣበትን ጥያቄ ዛሬውኑ ያወርድበታል። ያ ሰው እሷ ናት። ሚኒስትር ይመጣል፣ ሚኒስትር ይሄዳል፣ እሷ ግን የተከበሩ ሆና ቀርታለች፤ ያውም ማንም ሳይመርጣት።

ስንቱን የምክር ቤት አባል አስመስላ መናገር ትችል መሰላችሁ። ጠረጴዛ የሚደበድበውን ትችላለች፣ ጥያቄ አለኝ ብሎ ንግግር አድርጎ የሚቀመጠውን ትችላለች፣ ሚኒስትሩን እያመሰገነ ሰው የሚያስተኛውንም ትችላለች። የተካነችው ግን በአንድ ሰው ነው። እኚህ ሰው ከሩቅ ገጠር የተመረጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም ቀን ጮኸው የማያውቁ አዛውንት ናቸው። ይነሡና መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ «ክቡር ሚኒስትር፣ በቀና ልብ ይረዱኝ» ይላሉ። ይሄን ካሉ ሚኒስትሩን አያድርገኝ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ መልስ የመሰለ ነገር ሲሰጣቸው ደግሞ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «አልመለሱልኝም» ይሉታል። ሌላ ቃል የላቸውም። በዚሁ የተነሣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «አቶ አልመለሱልኝም» ተብለው ቀሩ።

እሷም ድምፃቸውን ለመያዝ ብላ የምክር ቤቱን የድምፅ ቅጂ ሁሉ ሰምታለች። መጀመሪያ ለሥራ ነበር። ኋላ ግን፣ መደበቅ ምን ያደርጋል፣ ለራሷ ሆነ። ማታ ሳህን እያጠበች ትሰማቸዋለች። የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው፤ ትዳሩን ሞክራ፣ አልሆን ሲላት በሰላም ወጥታለች። እህቷ «ሰውዬሽ ዛሬም አልተመለሰላቸውም?» እያለች ትስቅባታለች። «ሥራ ነው» ትላለች እሷ። ሥራ እቴ!

አንድ ጊዜ ምክር ቤት ውስጥ የአዛውንቱን የሸሚዝ ኮሌታ ሳይተኮስ አየችው። በሚቀጥለውም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ሰው ብትጠይቅ ባለቤታቸው ማረፋቸውን ነገሯት። በልምምዱ ክፍል አንዱ ጎረምሳ ባለሙያ ኮሌታውን አጨማዶ «በቀና ልብ ይረዱኝ» ብሎ ሊያስቅ ሲጀምር፣ እሷ እንዲህ ትቆጣለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ልጁ እስኪያልበው ድረስ ነው የተናገረችው። ድምፃቸውን መውሰድ ሌላ፣ ሐዘናቸውን መንካት ሌላ።

ልምምዱ የራሱ ወግ አለው። እሷ ከሚኒስትሩ ጀርባ ነው የምትቀመጠው፤ ፊት ለፊት ከሆነች እሱን ሳቅ ያሸንፈዋል። ደግሞ ሁለት ዙር አለ። በመጀመሪያው ዙር በሩ ይዘጋል፣ ሚኒስትሩ እንደ ንስሐ አንድም ሳያስቀር እውነቱን ይናገራል። መልስ አዘጋጆቹ ባለሙያዎች የሚጠቀልሉት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለባቸዋ። በሁለተኛው ዙር የተጠቀለለው ይለመዳል፤ «በሂደት ላይ ነው» «ትኩረት ተሰጥቶታል» የሚባለው ማለት ነው።

የዚያ ሰሞን ጉዳይ የኩላሊት እጥበት ነበር። በአዛውንቱ የትውልድ አገር ባለው ሆስፒታል ማሽኖቹ ከገቡ ከርመዋል፤ ግን ከነካርቶናቸው ተቆልፎባቸዋል፣ ለምን እንደሆነ የሚናገር የለም። ሕመምተኛው ሌሊት ተሳፍሮ ዋና ከተማ ይመጣል፣ ታጥቦ ይመለሳል፣ ድካሙ ሳይለቀው ደግሞ የሚሳፈርበት ቀን ይደርሳል። መንገድ ላይ የቀሩም አሉ።

በልምምዱ በመጀመሪያው ዙር ሚኒስትሩ እውነቱን አወጣው። በሁለተኛው ዙር ጥሩ አድርጎ ጠቀለለው። ጎበዝ ነው፣ ልጅ ነው፣ ክፉም አይደለም። እሷም ለደመወዟ ስትል «ጥሩ ነው፣ ያልፋል» አለችው። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ሆዷ እሺ አላላትም። አዛውንቱ ነገ እንደምንም ብለው ይሄን ነገር ከሚኒስትሩ አፍ ባወጡት ብላ ተመኘች። እንግዲህ በገዛ መሥሪያ ቤቷ ላይ መመኘቷ ነው።

ማግስቱ የምክር ቤቱ የመጨረሻ የጥያቄ ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ ለምርጫ ይበተናል፤ አዛውንቱ ደግሞ በቃኝ ብለው ዳግመኛ አልተወዳደሩም። የቤቱ ደንብ ጥብቅ ነው፦ ጥያቄ አስቀድሞ በርዕስ ይመዘገባል፣ ግን አባሉ ራሱ ተነሥቶ በአፉ ካልጠየቀው እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል። ዛሬ ያልተጠየቀ እንግዲህ ቀረ ማለት ነው። ለዚያ ሆስፒታልም ሌላ ጠያቂ አልነበረውም።

ሚኒስትሩ ከፊት ተቀመጠ፣ እሷና ሌሎቹ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከጀርባው ባለው የባለሙያዎች ወንበር ላይ። ተራው ሲደርስ አፈ ጉባኤዋ የአዛውንቱን ወንበር ጠራች። ተነሡ። ከስተዋል። አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመዋል፣ ይሄን ለብሰው አይታቸው አታውቅም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ሞከሩ፣ አፋቸውን ከፈቱ።

ድምፅ አልወጣም።

ማይክሮፎኑ ያወጣው እንደ ትንፋሽ ያለ ነገር ብቻ ነበር። እንደገና ሞከሩ፤ እንደዚያው። አንዱ አባል «ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ነው፣ ሐኪም አይናገሩ ብሏቸዋል» ሲል ከወዲያ ተሰማት። ታዲያ ለምን መጡ? ዛሬ ካልመጡ እንደማይጠየቅ ስለሚያውቁ ነዋ። አዳራሹ ውስጥ የሚያስለው አቆመ፣ ወረቀት የሚያገላብጠው አቆመ። አፈ ጉባኤዋ ሰዓቷን አየች። «የተከበሩ፣ ጊዜዎ እያለቀ ነው» አለች፤ ስትናገር ራሷንም ከፍቷት ነበር።

አሁን የሆነውን ማንም ቢሆን እትዬ የተከበሩ ሆን ብላ ነው የሠራችው ይላል። አይደለም። ዘፈን አብሮ የሚያንጎራጉር ሰው ዘፋኙ ድንገት ቢያቆም ሳይታወቀው ይቀጥል የለ? እሷም እሳቸው ሲነሡ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እሳቸው ሲያቆሙ የሷ ቀጠለ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ በቀና ልብ ይረዱኝ። ሰዎቼ እየተሳፈሩ እየመጡ መንገድ ላይ እያለቁ ነው። ማሽኖቹ እኛ ዘንድ ተቆልፎባቸዋል። ለምንድነው የማይሠሩት?»

የሴት ድምፅ ነው፤ አካሄዱ፣ ማረፊያው፣ ትንፋሹ ግን የሳቸው። ሚኒስትሩ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። ይሄ ድምፅ ከጀርባው ሲመጣበት ምን እንደሚደረግ ሰውነቱ ያውቃል። ቀና እንኳ ሳይል መለሰ፦

«እውነቱን ላውጣው? ማሽኖቹን ገዛን፣ ውሃውን የሚያጣራውን መሣሪያ ረሳን። ማሽኑ ደግሞ ያለ ተጣራ ውሃ ሰው ይገድላል እንጂ አያድንም። እኔ ነኝ የፈረምኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በሉ አሁን ይሄን እንዴት አድርገን እንደምንጠቀልለው ንገሩኝ።»

ይሄ ሁሉ በተከፈተ ማይክሮፎን።

ሚኒስትሩ ከዚያ በኋላ ነው ቀና ያለው። የት እንዳለ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። አዳራሹ ተናወጠ፤ የሚስቀው ይስቃል፣ የሚጮኸው ይጮኻል። እሷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። የሚኒስትሩ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ክንዷን ጨምድዶ «አበድሽ እንዴ?» አላት።

አፈ ጉባኤዋ ጠረጴዛውን በመዶሻዋ ደበደበች። «አባል ያልሆነ ሰው በዚህ ቤት ድምፅ የለውም። ጥያቄው አልተጠየቀም። መልሱም ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝ» አለች።

አዛውንቱ አልተቀመጡም ነበር። እጃቸውን አነሡ። ደረታቸውን በመዳፋቸው ነኩ፣ ከዚያ በጣታቸው ወደሷ አመለከቱ፣ ደግመው ደረታቸውን ነኩ።

«የእርስዎ ጥያቄ ነው እያሉኝ ነው?» አለች አፈ ጉባኤዋ።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የተከበሩ፣ ደንቡ በአፍ ነው የሚለው።»

ማይክሮፎኑን ተጠጉ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሐኪሙ ቢያያቸው ይገድላቸው ነበር። «የኔ ነው» አሉ። ድምፅ ከተባለ ድምፅ ነበር፤ ሸካራ፣ የተሰነጠቀ፣ ግን ሁሉም ሰማው።

አፈ ጉባኤዋ መዶሻዋን አስቀመጠች። «ተጠይቋል» አለች ቀስ ብላ። «ክቡር ሚኒስትር፣ መልስዎን እንዲሰጡ ዕድል ይሰጥዎታል።»

ኃላፊው ያ የተጠቀለለው መልስ ያለበትን ወረቀት በሚኒስትሩ ትከሻ ላይ አሳልፎ አቀበለው። ሚኒስትሩ ወረቀቱን አየው። ዞር ብሎ እሷን አያት፤ እንባዋ ወርዶ ነበር። ከዚያ ፊት ለፊቱ የቆሙትን አዛውንት አያቸው። እሷ በዚያች ሰዓት ከምንም በላይ የፈራችው «በሂደት ላይ ነው» የምትለዋን ቃል ነበር፤ ራሷ ናት ያለማመደችው።

«መልሴን ሰጥቻለሁ» አለ ሚኒስትሩ። «ይመዝገብልኝ። ማጣሪያው ይገዛል። እስኪገባ ድረስ ደግሞ የሕመምተኞቹን ማመላለሻ መሥሪያ ቤቴ ያቀርባል። ካላደረግነው የሚመጣው ምክር ቤት ጠርቶ ይጠይቀኝ።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አጠለቁና ተቀመጡ።

መቼም ከአዳራሹ መውጫ ላይ የጠበቃትን አትጠይቁኝ። ኃላፊው ከነገ ጀምሮ ማኅደር ክፍል እንደምትወርድ፣ ልምምድ ክፍል ደጃፍ እንኳ እንዳትታይ ነገራት። ሚኒስትሩ አጠገባቸው ሲደርስ ቆመ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። «እትዬ፣ ጉድ ሠራሽኝ» አላት፤ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ዛሬ ማታ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኛል» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

እሷም ቦርሳዋን አንሥታ ደረጃውን ወረደች። ማኅደር ክፍል ብትወርድስ? አቧራ ነው፣ ይራገፋል። ያሳፈራት ሌላ ነው፤ እኚያ ሰው ድምፃቸውን ስትሰርቅ መኖሯን ዛሬ በገዛ ጆሯቸው ሰሙ። ሳይደርሱባት ልትወጣ ብላ ተጣደፈች። ምን ዋጋ አለው፣ ከታች፣ ከመውጫው በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እየጠበቋት ነበር። ሲያይዋት ተነሡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ማፌዝ አልነበረም። ሥራዬ ሆኖ ነው... መጀመሪያ ሥራዬ ሆኖ ነው።»

እጃቸውን አወዛወዙ፤ ተይው ማለታቸው ነው። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «ከኔ ይሻላል» አሏት። ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነባት። መሐረብ አውጥተው ሰጧት፤ እሱም አልተተኮሰም።

«አይናገሩ በቃ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሐኪሙ ከልክሎ የለ? ዛሬ የተናገሩት ይበቃል። እንደገና ቢደማስ? ይሄ ጉሮሮ እንዲድን ዝም ማለት አለብዎት።»

«ዝም ማለቱ አይከብደኝም» አሉ፣ አንዱን ቃል ከሌላው እየነጠሉ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ለምጄዋለሁ። ያጣሁት የሚያናግረኝ ሰው ነው።»

እኚህ ሰው ተነሥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ቀጥሎ ምን እንደሚሉ የማታውቅበት ጊዜ አልነበረም። ይሄን ግን በየትኛውም ቅጂ አልሰማችውም፣ በየትኛውም ልምምድ አላለችውም። ምን እንደሚመለስለትም የሚነግራት ወረቀት የለም። በሳቸው ድምፅ ተናግራ ተናግራ፣ የራሷ ምን እንደሚመስል ለአፍታ ጠፍቷት፣ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«እኔ ካወራሁ እኮ አላባራም» አለች። «እህቴን ይጠይቋት።»

ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። ክንዳቸውን ሰጧት። በሩን ወጥተው ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ አብረው መውረድ ጀመሩ፤ እሷ ታወራለች፣ እሳቸው ይሰማሉ።