አራት ሰውና አንድ ተጎታች ቤት

"ማንም እንዳይወርድ! እንዳላችሁ ተቀመጡ!" አለች አጸደ፣ ሁለት እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግታ።

እንዳልክ መሪውን እንደጨበጠ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። የፒክአፑ አራት ጎማዎች ሰፊው የብረት ሚዛን ላይ ወጥተዋል። ከኋላ የተቀጠለው ነጭ ተጎታች ቤት ግን ጎማዎቹ ከሚዛኑ ውጪ፣ አስፋልቱ ላይ ናቸው። አጸደ እንዲህ ያስቆመችው አውቃ ነው፤ ማየት የፈለገችው ፒክአፑ በራሱ እግር ስንት እንደተሸከመ ነበር።

ጋቢና ከጎኑ የተቀመጡት አማቱ እማማ ብዙዬ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ትንፋሽስ ይፈቀዳል?" ሲሉ ጠየቁ።

"ለእርስዎ ይፈቀዳል እማማ" አለች አጸደ፤ እየሳቀችም ቁጥሩን ለማየት ወደ ሚዛኑ ቤት ገባች።

አጸደ የሚስቱ የአያልነሽ አብሮ አደግ ናት። ከዴንቨር እስከ ካሊፎርኒያ ትልቅ የጭነት መኪና ትነዳለች፤ አውሮራ ዳር ያለው ይህ የጭነት ግቢም መኪናዋን የምታሳድርበት ነው። ዛሬ ጠዋት ልትሰናበታቸው ቤታቸው ብትመጣ፣ የፒክአፑ ኋላ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ፊቱ ሰማይ ሰማይ ያያል። "ሳይመዘን ሃይዌይ ብትወጣ ዓይንህን አላይም" ብላ እየመራች እዚህ አመጣቻቸው። እንዳልክ የተከተላት ይሉኝታ ይዞት እንጂ ቅር ብሎታል። ሰው ለመንገድ ከተነሣ በኋላ ና ልመዝንህ ይባላል?

ደግሞስ እሱ ሳያጣራ የገዛ ሰው ነው? የ2004 ሞዴል ፒክአፑ ስምንት ሺህ ፓውንድ እንደሚጎትት መመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ተጎታቹ ቤት ባዶውን አምስት ሺህ እንኳ አይሞላም። ሴንቴኒያል ከሚኖሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት ከገዛው ቀን ጀምሮ "ይጎትታል!" የምትል ቃል ከአፉ ጠፍታ አታውቅም። አያልነሽ ግን የሥራ ባልደረቦቹ ስለ ካምፒንግ ሲያወሩ ሰምቶ እንደገዛው እርግጠኛ ስለነበረች፣ "ሲሉ ሰምታ ሞተች ዶሮ ታንቃ" እያለች ታበሽቀው ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። እንዳልክ ሌሊት ሌሊት ከሆቴል ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። አያልነሽ ቀን ቀን ሌክውድ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ልጃቸው ሊዲ ከተወለደች ጀምሮ እሱ ሲገባ እሷ ስትወጣ፣ በር ላይ ተሳስመው የሚለያዩ ባልና ሚስት ናቸው። ሊዲን ያሳደጓት እማማ ብዙዬ ናቸው ቢባል ሐሰት የለበትም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄዱ አንዱ ከሥራ ይመጣል፣ ሌላው ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለት መኪና ነው የሚይዙት። አራቱም በአንድ መኪና ተቀምጠው ከከተማ የወጡበት ቀን እንደሌለ እንዳልክ ያስተዋለው፣ ሊዲ ኦሬገን ኮሌጅ ገባሁ ብላ ቤቱን በጩኸት ያናጋችው ዕለት ነበር። አብሯት እልል አለ። ልጅቷ ክንፍ አውጥታ ሳትበር አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አራታቸው አንድ ላይ መንገድ ቢሄዱ ብሎ ተመኘ። ተጎታቹን ቤት ያስገዛው ይህ ነበር። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ከአለቆቻቸው ጋር ተሟግተው፣ በዚህ በሐምሌ የአራት ቀን ፈቃድ አገኙ። ተራራው መካከል ካለው ዲለን ሐይቅ ዳር ማደሪያ ቦታ ተያዘ።

አጸደ ስትመለስ ሳቁ ከፊቷ ጠፍቷል።

"እንዳልክ፣ አራት መቶ ሃምሳ ፓውንድ አልፈሃል።"

"ምኑን ነው ያለፍኩት? ስምንት ሺህ ይጎትታል'ኮ!"

"መጎተቱንማ ይጎትታል። እኔ የማወራህ ስለ መሸከም ነው።" የሹፌሩን በር ከፍታ፣ በሩ ጎን የተለጠፈችውን ወረቀት በጣቷ መታ መታ አደረገቻት። "ፈረስ ጋሪ ይጎትታል አይደል? ያንኑ ጋሪ ጀርባው ላይ ብትጭንበትስ? ይሄ መኪና ጀርባው የሚችለው እዚህች ላይ ተጽፏል። እናንተ አራታችሁ፣ ኋላ የጫናችሁት ዕቃ፣ በዚያ ላይ ተጎታቹ በአፍንጫው የሚጥልበት ክብደት፣ ሁሉም ከዚህችው ላይ ነው የሚቀነሰው።"

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉሃል ይሄ ነው" አለች አያልነሽ ከኋላ ወንበር።

"ኧረ ተዉኝ ባካችሁ! አገር ቤት አይሱዙው ከእህሉ በላይ ሰው ጭኖ ሊማሊሞን ይወጣ የለ?"

"መውጣቱንማ ይወጣል፤ ጉዱ መውረዱ ላይ ነው" አለች አጸደ። "የተራራውን ዋሻ አልፈህ ወደ ዲለን ስትወርድ ቤቱ ከኋላ ይገፋሃል። ፍሬንህ ይግላል። የፊት ጎማህ እንዲህ ተንጠልጥሎ መሪህ አይታዘዝልህም። እዚያ ቁልቁለት ላይ ያየሁትን በእማማ ፊት አላወራውም።"

እንዳልክ ቀበቶውን ፈታ። ወርደው የፒክአፑን ኋላ ከፈቱ።

ለአራት ሰው ለአራት ቀን ነው የተባለው ስንቅ ሠርግ ይደግሳል። ሥጋና ዶሮ ወጥ የሞላባቸው ሁለት ትልልቅ የማቀዝቀዣ ሣጥኖች አሉ፤ የጠላ ጀሪካን፣ ካርቶን በካርቶን ላይ የተደረደረ ውሃ፣ ከቤተ ክርስቲያን በውሰት የመጣ ድንኳን፣ ደግሞ ቁጥሩ የበዛ ታጣፊ ወንበር።

ሊዲ የአይፖዷን ማዳመጫ ካንድ ጆሮዋ ነቅላ ወንበሮቹን አየች። "እምዬ፣ ዋይ ይሄ ሁሉ? አራት ነን'ኮ!"

"እንግዳ ቢመጣስ?" አሉ እማማ ብዙዬ።

"ተራራ ላይ? ሁ? ማን ይመጣል?"

"እግዜር የላከው ነዋ! ሰው አዲስ ቤት አይቶ 'ቤት ለእንቦሳ' ብሎ ቢመጣ፣ ድንጋይ ላይ ላስቀምጠው?"

እንዳልክ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ትናንት ማታ ያን ሁሉ ሲጭን ለእሱም እንግዳ ነገር አልሆነበትም። መመሪያ መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ገና ላልመጣ እንግዳ ስንቅ የሚጭን ሕዝብ መኖሩን አላሰቡም ይሆናል፤ እሱ ግን ምን ነካው? ዶሮ ወጡም ወንበሩም ከአንድ ወገብ ላይ እንደሚያርፍ እንዴት ጠፋው?

አንድ በአንድ አወረዱት። አጸደ ግቢው ውስጥ ዕቃ የምታስቀምጥበት ክፍል ስላላት ሁሉም እዚያ ገባ፤ ለራሳቸው የሚበቃቸው ምግብ ብቻ ተረፈ። የጠላው ጀሪካን ሲወርድ እማማ ብዙዬ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ እንደገና ተሳፍረው ሚዛኑ ላይ ወጡ፤ አጸደም እንደገና ገብታ ወጣች።

"በጣም ቀንሷል" አለች። "ግን አሁንም መቶ አርባ ፓውንድ ትርፍ አለ።"

"ምን የቀረ ነገር አለና? ኋላው ባዶ ነው'ኮ!"

አጸደ አራቱን ተራ በተራ አየቻቸው። የቀረው ሰው ብቻ ነበር፤ ያን ደግሞ ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል?

"እንዳው ይሄ ፓውንድ የምትሉት በኪሎ ስንት ነው?" ሲሉ እማማ ብዙዬ ጠየቁ።

"መቶ አርባው? ስልሳ አራት ኪሎ ቢሆን ነው" አለች አያልነሽ። የመጦሪያውን አረጋውያን ስትመዝን ስለምትውል የለመደችው ሂሳብ ነበር። ተናግራ ሳትጨርስ ደነገጠች።

"ባለፈው ሐኪም ቤት ስመዘንስ ስንት ነሽ ነበር ያልሽኝ?"

"እማዬ፣ እሱን ምን አመጣው አሁን..."

"ስልሳ አራት አላልሽኝም? በሉ እንግዲያው፣ ትርፏ እኔ ነኛ!" ብለው እማማ ብዙዬ ከልባቸው ሳቁ።

አብሯቸው የሳቀ አልነበረም።

"ቀልዴን አይደለም" አሉ ሳቃቸውን ገታ አድርገው። "ጉልበቴም ብርድ አይወድም። አጸድዬ ቤት ታድርሰኝ፤ እናንተ በሰላም ሂዱ። ተራራውንስ ቢሆን ከመስኮቴ በየቀኑ አየው የለም እንዴ?" ወዲያው በሩን ከፍተው፣ እጀታውን ይዘው በጥንቃቄ ወረዱ።

እንዳልክ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ደስ አለው። ሂሳቡ ገጠመ፣ ልክ ሆነ፣ ቦታውም አይሰረዝ፣ ቤቱም አይቀር። ደስታው ግን ወዲያው አሳፈረው። ሊዲ ትኩሳት ሲይዛት ሌሊቱን ሙሉ አዝለው የሚያድሩት እኚህ ሴት ነበሩ፤ እሱ ያን ጊዜ ኤርፖርት ነበር። አሁን እግራቸው ላይ ያደረጉትን ነጭ ስኒከር አየ። ሊዲ ናት የገዛችላቸው። ተራራ ላይ እንዳያደናቅፋቸው ሳምንቱን ሙሉ ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን እየተመላለሱ ሲለማመዱበት ነበር። ጉልበቴ ብርድ አይወድም ይላሉ እንግዲህ።

"ጭራሽ!" አለች አያልነሽ። "እማዬ የትም አትቀርም። አጸደ ቤት ታድርሰንና፣ እኔ እሷን ይዤ በኮሮላዬ እከተላችኋለሁ፤ አንተና ሊዲ በዚህ ሂዱ። አለቀ።"

"እሱ ይሻላል" አለች አጸደም። "ሁለታችሁ ብቻ ከሆናችሁ ልኩ ውስጥ ትገባላችሁ።"

ነገሩ ደህና ነበር። የሚነቀፍበት ቀዳዳ የለውም። እንዳልክም እሺ ሊል አፉን ከፈተ።

"ቱ ካርስ አጌይን" አለች ሊዲ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ዝግ ባለ ድምፅ። "ኢትስ ፋይን። ሁሌ እንደዛ ነው'ኮ የምናደርገው።" ማዳመጫዋን መልሳ ጆሮዋ ላይ ሰካች።

አልተቆጣችም፤ አላኮረፈችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሁለት መኪና መሄድን እንደ ተፈጥሮ ተቀብላው አድጋለች፤ ቅር እንኳ አላላትም። እንዳልክ አንጀቱን በላችው። ከተጎታቹ ጋር ሲታገል፣ መጋረጃ ሲመርጥ፣ ጎማ ሲነፋ የከረመው ለምን ነበር? ቤቱን ጎትቶ ሰዎቹን ሁለት ቦታ ሊከፍል?

ሞተሩን አጠፋ። ከጋቢናው ወርዶ ወደ ኋላ ሄደና ፒክአፑና ተጎታቹ የሚያያዙበት ቦታ ላይ ተንበረከከ። የተጎታቹን የመቆሚያ እግር የሚያወርደውን እጀታ ያዘና ማዞር ጀመረ።

አያልነሽ ደንግጣ ተከተለችው። "ምን እየሠራህ ነው?"

"ቤቱ ይቅር።"

"እንዴ እንዳልክ!"

"አጸደ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚቆምበት ቦታ አይጠፋም መቼም?" አለ ሳይነሣ።

"ቦታማ ሞልቷል፤ ከሚዛኑ ወደዚያ ፈቀቅ እናደርገዋለን" አለች አጸደ።

አያልነሽ የተጎታቹን ግድግዳ በመዳፏ ነካችው። ስትተርበው ትክረም እንጂ፣ መጋረጃዎቹን በገዛ እጇ የሰፋች፣ የአልጋ ልብሱን ከመጋረጃው ጋር ያስማማች እሷው ናት። "አንድ ሌሊት እንኳ አልተኛንበትም" አለች፣ ድምፅዋ ሰለል ብሎ።

"አውቃለሁ የኔ ቆንጆ። ሲመቸን በልካችን አነስ ያለ እንለውጠዋለን፤ ካልሆነም እንሸጠዋለን።" ቀና ብሎ አያት። "ግን እኔ የፈለግሁት ቤት አልነበረም። ቤትማ አለን፤ አንገናኝበትም እንጂ።"

አያልነሽ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ የመብራቱን ገመድ ከፒክአፑ ላይ ነቅላ ጠቀለለችው።

እማማ ብዙዬ ነገሩ ስለገባቸው እየተቆጡ መጡ። "አንተ ልጅ፣ በኔ የተነሣ ቤት ታስቀራለህ? እኔ አሮጊቷ ብቀር ምን ይጎድላል?"

"ሁሉም ይጎድላል እማማ። እርስዎ ከቀሩማ እኔም አልሄድም።"

"ታዲያ የት ልናድር ነው? በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ ልታስተኛን?"

"ቤታችን ነዋ። ጠዋት እንሄዳለን፣ ማታ እንመለሳለን። ነገም እንደዚሁ። ከነገ ወዲያም እንደዚሁ።"

ሊዲ ማዳመጫዋን ነቅላ ቀርባለች። "ዌይት፣ ዌይት። አራቱንም ቀን? ሁላችንም በዚህ መኪና? ዳድ፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል'ኮ! መሄጃ ሁለት፣ መምጫ ሁለት። ኤቭሪ ዴይ ያን ሁሉ መንገድ?"

"ያን ሁሉ መንገድ" አለ እንዳልክ፤ ሰንሰለቱንም ፈታ።