አጎቴ የሰጠው ዳማ

አባቴና አጎቴ ከተኳረፉ ወዲህ በእንጨት ሥራ ቤታችን ውስጥ የሚሠራው ሦስት ሰው ነው፤ የሚናገረው ግን አንድ ብቻ፣ እሱም እኔ ነኝ።

"ለዚያ ሰውዬ እንጨቱን የማስርበትን ሞርሳ እንዲያቀብለኝ ንገሪው" ይላል አባቴ። ሰውዬው የገዛ ወንድሙ ነው፤ የቆመውም ክንዱን ቢዘረጋ በሚነካው ቦታ ላይ ነው። "ለአባትሽ ሞርሳው አጠገቡ እንዳለ ንገሪው" ይላል አጎቴ። እኔም የቫርኒሽ ብሩሼን እንደያዝኩ "አባዬ፣ አጠገብህ ነው" እላለሁ። ጨጓራዬን ላጡት ብል ማጋነን አይደለም።

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ "ሚሊ" ነው የሚለው። አንዲት ሚሊሜትር ከዘነፈችበት በሩን ነቅሎ እንደገና ይሠራል። ከሁለቱ ታላቁ አባቴ ነው፤ እሱ በዓይኑ ለክቶ ይቆርጣል። ብዙውን ጊዜ ልክ ይመጣል፣ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ እንጨቱን ይሰድባል። እኔ ቫርኒሽ መቀባቱንና ደንበኛ ማነጋገሩን ይዤ ነበር፤ አሁን መላላኩ ተጨመረልኝ። ብሩሽ አያያዝ ያስተማረኝ አጎቴ ነው። የተዝረከረከ ነገር ሲያይ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ "እንደገና" ይለኛል፤ ተቆጥቶኝ ግን አያውቅም።

ጠቡ የመጣው በመላጊያ ነው። አያቴ ትቶላቸው ያለፈ፣ እጀታው ከመዳፋቸው ጋር የተለማመደ መላጊያ ነበር። አባቴ ለአንድ ጎረቤት አናጢ አዋሰው። ጎረቤቱ ሰፈር ለቀቀ፤ መላጊያውም አብሮት ለቀቀ። "መሣሪያ ከእጅ ከወጣ ወጣ ነው፤ አባታችን ስንቴ ነገረን?" አለ አጎቴ። አባቴ መለሰለት፣ ያኛውም መለሰ፣ ከዚያ ሁለቱም መመለስ ተዉ። በመጨረሻ ቤቱን ለሁለት ለመክፈል ተስማሙ፤ የተስማሙትም በእኔ በኩል ነው። መሐሉን በኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ሊጋርዱት፣ አጎቴም በጓሮ በኩል የራሱን በር ሊያወጣ።

አናጢ ቤት ግድግዳ ለመሥራት ሌላ ሰው አይጠራም። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ሆነው ጀመሩት። ለመለያያ የሚሠራ ነገር እንዲህ ሲያምር አይቼ አላውቅም! አጎቴ ማዕዘኑን ይለካል፣ መልሶ ይለካል፤ አባቴ ጠርዙን ጉንጭ እስኪመስል ይልገዋል። ሰሌዳውን በሌላኛው ጫፍ የሚይዝ ሰው ሲያስፈልግ "ነይ ያዢ" እባላለሁ። ግድግዳው ከቆመ በኋላ እኔ የት ጋ እንደምቆም ግን ማንም አልጠየቀኝም። አባቴ ጋ ብቀር አጎቴን አጣለሁ፤ አጎቴ ጋ ብሄድ አባቴ ቤት ውስጥ ፊቱን ነፍቶ ይጠብቀኛል። በቁጣዬ የምታወቅ ሰው ነኝ፣ ያኔ ግን መቆጣትም አቃተኝ። ፈርቼ ነበር። የመጨረሻዋ ሰሌዳ አንዴ ከተመታች እነዚህ ሁለት ግትሮች መልሰው እንደማያወጧት አውቃለሁ።

በዚህ መሐል አጎቴ መጽናኛ አገኘ። ቁም ሳጥን ልታዝ የመጣች አንዲት መምህርት ስልኳን ከስልኩ ጋር አገናኝታ ዳማ ላከችለት። እኛ ቆርቆሮ ሥር ኢንተርኔት ብቅ ብሎ የሚጠፋ እንግዳ ስለሆነ መተግበሪያ የምናገኘው ከሰው ስልክ ነው። አንዱ "ላክ" የሚለውን ይነካል፣ ሌላው "ተቀበል" የሚለውን፤ ስልኮቹ ተጠጋግተው አንድ ክብ ነገር ይሽከረከራል፣ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ ምሳውን ጎራርሶ የሳንቃ ክምር ላይ ይቀመጥና ከስልኩ ጋር ዳማ ይገጥማል። ጠጠር በተበላ ቁጥር ስልኩ "ጧ!" ይላል፤ አጎቴ ሲያሸንፍ ደግሞ ያጨበጭብለታል።

አባቴ ጭብጨባውን ሲሰማ ጉርሻውን አየር ላይ አቁሞ ያዳምጣል። ዳማ ነፍሱ ነው።

"ምን ሆኖ ነው የሚጨበጨብለት?" አለኝ አንድ ቀን በሹክሹክታ።

"ዳማ አሸንፎ ነው። ስልኩ ላይ አለው።"

"ስልክ ዳማ ያውቃል?"

"ያውቃል፣ አባዬ።"

ስልኩን ከኪሱ አወጣና ገለባብጦ አየው። "የኔስ?" አለ።

አንጀቴን በላው። ቀጥ ብዬ ወደ አጎቴ ሄድኩ።

"አጎቴ፣ ዳማውን ለአባዬ ልላክለት። ስልክህን አንዴ ስጠኝ።"

ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈው። "እኔስ በምን ልጫወት?"

"ካንተ እኮ አይጠፋም። እዚህም ይኖራል፣ እዚያም ይኖራል።"

"መዶሻዬን ለአባትሽ ብሰጠው እዚህም እዚያም ይኖራል?"

"መዶሻና ይሄ ምን አገናኘው!"

"መብራቴስ?"

መብራቴ የሚለው ስልኩ ላይ የነበረችውን ጨለማ ማብሪያ መተግበሪያ ነው። ሳንቃ የሚያመጣልን ሾፌር በዚሁ መንገድ ልውሰዳት ብሎ ሲነካካ፣ ከአጎቴ ስልክ ላይ ሳያውቅ አጥፍቷት ሄደ። ይህንን አስረዳሁት፣ ማልኩለት፣ ተገዘትኩለት፤ ወይ ፍንክች! "ሰጠሁት፣ ሄደች። በዓይኔ ያየሁትን ልትክጂኝ ነው?" አለ።

በማስረጃ ልርታው ብዬ ፎቶዬን ላክሁለትና ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ደቀንኩበት። እኔ እዚህም ጥርሴን አሳያለሁ፣ እዚያም አሳያለሁ። አጎቴ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ አየና፣ "ፎቶ ድሮም ይባዛል" አለ። "ፎቶ ቤት ሄደሽ አሥር አድርጉልኝ ካልሻቸው አሥር ያደርጉልሻል። ዳማው ግን ይሠራል። የሚሠራ ነገር መሣሪያ ነው፤ መሣሪያ ደግሞ ከእጅ ከወጣ ወጣ ነው።"

ሰርቄ ልላከው ብዬም አስቤ ነበር። ግን ስልኩ ሲሠራም ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፣ መክፈቻ ቁጥሩንም ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ለአባቴ "እምቢ አለ" አልኩት። "ድሮስ!" አለና የቀረውን ሰሌዳ በአንድ ቀን ሊጨርስ መዶሻውን አነሳ። ጭራሽ አባባስኩት።

ግድግዳው ላይ አንድ ሰው የምታሳልፍ ክፍተት ብቻ ስትቀር እኔ የመሳቢያ እጀታ ልገዛ ወጣሁ። ለአባቴ የመጨረሻዋን ሰሌዳ የሚይዝለት ሰው አልነበረም፤ ማለቴ ነበረ፣ ግን አልተጠየቀም። አባቴ በጉልበቱ ደግፎ ብቻውን ሲቆርጣት ሰሌዳዋ ተንሸራተተችና መጋዙ ግራ እጁን በላው።

ስመለስ አጎቴ የወንድሙን እጅ በራሱ ሻርፕ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ይዞታል። ሁለቱም ገርጥተዋል። ክሊኒክ ይዘነው ሄድን። ነርሷ አባቴን "ያምዎታል?" ስትለው አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ "በጣም እንደሚያመው ንገሪያት" አለኝ። ነርሷ ማንን እንደምትሰፋ ግራ ገብቷት አየችን። ሰፍታ ስትጨርስ ቁስሉ እስኪድን መጋዝ እንዳይነካ አስጠነቀቀችው።

ሥራ የፈታ አባቴን እናቴ ቤት ውስጥ ልትችለው አልቻለችም፤ የድስት ክዳን እየከፈተ ምክር ሲሰጣት "ውሰጅልኝ" ብላ ወደ ሥራ ቤት ሸኘችው። በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አኑሮ በርጩማ ላይ ይውላል። ሰጋቱራ ያያል፣ በር ላይ የሚያልፍ ሰው ያያል፣ መልሶ ሰጋቱራ ያያል። አጎቴ በክፍተቷ በኩል እሱን ያያል። የዳማውን ድምፅ ካጠፋው ሰንበትበት ብሎ ነበር፤ ቀጥሎ ጨርሶ መጫወት ተወ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ላኪለት" አለኝ።

"ምኑን?"

"እያወቅሽ አታድርቂኝ።" ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። "ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ያዝልኝ አላለኝም፤ እኔም ልያዝልህ አላልኩትም። ምኑን ወንድም ሆንኩት?"

ስልኩን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ "ቆይ" አለና ሳንቃው ላይ ተቀመጠ። የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫወተ። እያንዳንዷን ጠጠር ሲያነሳ እንደ ሚሊ አሰበባት። አሸነፈ። ከዚያ ስልኩን በእጅጌው ወልውሎ ሰጠኝ፤ የመክፈቻ ቁጥሩንም በጆሮዬ ነገረኝ፣ ካሁን በኋላ የሚሰረቅ ነገር የለበትም ማለቱ ነው። "ስትጨርሺ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። ባዶ ቦታውን አታሳዪኝ" አለና ጀርባውን ሰጠኝ።

እንባዬ መጣ። "አይጠፋም እኮ" ልለው አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ብዬው ብዬው የማያምነኝን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ባያምነኝ ወደድኩ።

ሁለቱን ስልኮች አጠጋሁ። ክቡ ተሽከረከረ፣ ዳማው አባቴ እጅ ገባ። አባቴ ፊቱ በራ።

"ከየት አመጣሽው?"

"አጎቴ ነው የሰጠህ።"

የበራው ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ። "ለራሱስ ምን ቀረለት?"

የአንድ አባት ልጆች አይደሉ! ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ፣ ደንበኛ ሳይቀር "ምላስሽ ቫርኒሽ ተቀብቷል" የሚለኝ ሴት፣ ምንም አልመለስኩም።

አባቴ ተነሳ። በክፍተቷ ገብቶ፣ የወንበር እግር ከሚፈቀፍቀው ወንድሙ ኋላ ቆመ። አንዴ ሳለ። ደግሞ ሳለ።

"አንተ ልጅ" አለ። አንተ ልጅ የተባለው ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። "ይቺ ቀይ ጠጠር ለምንድነው ወደ ኋላ እምቢ የምትለኝ?"

የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ ቆመ።

"ሳትነግሥ እንዴት ትመለሳለች፣ ጋሼ?" አለ አጎቴ ሳይዞር።

"ጋሼ" ሲለው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ቀብቼ የጨረስኩትን የወንበር እግር እንደገና መቀባት ጀመርኩ፤ ዓይኔ ምንም አያይም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ገበያ ሆነ። ሁለቱ አንድ ስልክ ላይ ይደፋሉ። አባቴ በዓይኑ ገምቶ ሊገፋ ሲል አጎቴ እጁን ይይዘዋል፤ "ቆይ አስላው እንጂ!" "ስታሰላ ይመሻል!" ስልኩ ጠጠራቸውን ሲበላ በአንድነት ይሰድቡታል። የመጨረሻዋ ሰሌዳም የቁም ሳጥን ጀርባ ሆና ከቤት ወጣች። ስለ ግድግዳው ያነሳ ሰው የለም፤ እኔማ ዕድሌን ልነካካ አልፈለግሁም።

ከቀናት በኋላ አጎቴ ከጨዋታው ቀና ሳይል "እስቲ ስልኬን አምጪልኝ፣ ለሾፌሩ ልደውል" አለኝ።

መሳቢያውን ስቤ ስልኩን ከፈትኩት። ዳማው በቦታው ቁጭ ብሏል። አጎቴ ይህንን ካየ ሰጠሁ ያለውን እንዳልሰጠ ያውቃል። አባቴም ያውቃል። ከዚያ እያንዳንዱ በየስልኩ፣ በየጥጉ። ላይሆን ይችላል፤ ልሞክረው ግን አልደፈርኩም። ደግሞም ያ ሰው ያን ቀን የምር ሰጥቷል፤ የሰጠውን መልሶ ኪሱ ውስጥ ሊያገኘው አይገባም።

ጣቴን ዳማው ላይ ጫንኩ። ስልኩ "ይጥፋ?" ብሎ ጠየቀኝ። "አዎ" አልኩት።

አጎቴ ስልኩን ተቀብሎ ወዲያው አልደወለም። መነጽሩን አስተካክሎ ገጹን ወደ ግራ ገፋ፣ ወደ ቀኝ ገፋ፣ ፈለገ። ከዚያ እንዳሸነፈ ሰው ፊቱ ፈካ።

"አየሽ! እዚህም ይኖራል፣ እዚያም ይኖራል ስትይ አልነበረም? ጋሼ፣ ና እይ፣ ሄዷል!"

አባቴ አንገቱን አስግጎ አየ። ደህነኛ እጁን ወንድሙ ትከሻ ላይ ጣል አደረገና፣ "ድሮስ ሰጥተኸኝ የለም እንዴ" አለው።

ሁለቱም ዞረው ተመለከቱኝ። ተሸንፌ የማላውቀው እኔ መልስ እስክሰጥ ይጠብቃሉ።

"ልክ ነህ፣ አጎቴ" አልኩት። "እኔ ነኝ ያላወቅሁት።"