በማንኪያው ላይ የተገኘው አቶም

ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ ላይ ያለ የካርቦን አቶም ከትሁት ጋር ተያይዞ ተገኘ።

ትሁት የአንዳርጌ ልጅ ነበረች። በስምንት ወሯ ሞታ ከተቀበረች አርባ ቀኗ ገና አልሞላም። አጥሚት ትጠጣበት የነበረውን ማንኪያ ወደሚሠራበት ቤተ ሙከራ ያመጣው አንዳርጌ ራሱ ነው። ማንኪያው ከሞተች ወዲህ አልታጠበም።

የቤተ ሙከራው መሣሪያ አቶምን በኤክስሬይ ይመታል። ከአቶሙ ኤሌክትሮን ይፈናጠራል፤ በተፈናጠረበት ኃይል አቶሙ ከማን ጋር እንደ ተያያዘ ይታወቃል። እስከዚያ ቀን መልሱ ከኦክስጅን ወይም ከሃይድሮጅን ጋር ነበር። አሁን ስክሪኑ «ከትሁት ጋር» ይላል።

አለቃው ጋሽ ሙላቱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ይኼ የጀርመን መሣሪያ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አማርኛ የቻለው?» አሉ። ከዚያ የአንዳርጌን ፊት አዩና ወንበር ስበው ተቀመጡ። እንደ ደንቡ ይደገም አሉ፤ አንድ ጊዜ የታየ ውጤት አይባልም።

ተደገመ። ያው ነው፤ ግን ትስስሩ በግማሽ ላልቷል። ጨረሩ የሚለካውን ነገር ያላላል።

«ጋሼ፣ የያዘችው እሷ ናት ወይስ አቶሙ ነው የያዛት?»

«መሣሪያው ያንን አይለይም፣ ልጄ።»

ሦስተኛው ልኬት እንደሚበጥሰው ሁለቱም ያውቃሉ። ማንኪያውን ማውጣትም አይሆንም። ያለበት የብረት ሣጥን አየሩ ተመጥጦ የወጣ ነው። አቶሙ የተገኘው በማንኪያው ላይ የሰፈረው የአየር እድፍ በአርጎን ጋዝ ከተላጠ በኋላ ነው። አየር ከገባ እድፉ ይመለሳል፤ ዳግም ቢላጥ እሷም አብራ ትላጣለች።

ጋሽ ሙላቱ ሲሚንቶ ሊያስመረምሩ ወረፋ የያዙትን ሰዎች ለሐሙስ ቀጠሩ። መዝገቡ ላይ «ናሙናው አላለቀም» ብለው ጽፈው ወጡ።

አንዳርጌ ጨረሩን አጥፍቶ ቁጭ አለ። ሚስቱ ደውላ የት ነህ ስትለው ሥራ ላይ ነኝ አላት። እሷም ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ዘጋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሣጥኑ ትንሽ የመስታወት መስኮት ከውስጥ በኩል ጉም ለበሰ። የአየር መለኪያው ግን ዜሮ ላይ ነው፤ ውስጡ አየር የለም። አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ አየ። ጉሙ የሕፃን አፍ ያህላል። ይሰፋል፤ ይጠባል።

የአየር ማስገቢያውን እጀታ ጨበጠ። ቢከፍተው አየር ታገኛለች፤ ያኔ ግን በእድፉ ትሸፈናለች።

ጉሙ ሰፋ፤ ጠበበ። ቆየት ብሎ፣ አየር እንዳጠረው ትንፋሽ፣ ፈጠን ፈጠን ማለት ጀመረ።