ሦስተኛዋ ሴት

ኦርፋ፣ ቨርናና ሃዝል በአንድ ሆስፒታል ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግለው ጡረታ ሲወጡ፣ ባሕር ዳር ባለች አንዲት የኒውዮርክ መንደር ቤት ገዝተው አብረው ገቡ። አሥራ አንድ ዓመት ሲኖሩ ማንም ምንም አላላቸውም።

የቬትናም ጦርነት በጋመበት በጋ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ያለውን ትልቅ ቤት ስምንት ወጣቶች ተከራዩት። ወንዱም ሴቱም ጸጉሩን አስረዝሟል፤ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። መንደርተኛው ተቆጥቶ አዳራሽ ተሰበሰበ። ኦርፋም ሰው ሁሉ ሲሄድ ሄደች። ሊቀ መንበሩ አዲሱን ደንብ አነበበ፦

«ቤተሰብ ማለት በደም፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ የተዛመደ ነው። የማይዛመዱ ሰዎች ከሁለት በላይ ሆነው በአንድ ቤት መኖር አይችሉም።»

ኦርፋ ለመደገፍ እጇን ማንሳት ጀምራ ነበር። ነገሩ ሲገባት ቀስ ብላ ጭኗ ላይ መለሰችው። ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤት አየቻት።

ደንቡ ጸደቀ፤ ወጣቶቹም ወር ሳይሞላቸው ለቀቁ። ኦርፋ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር በመስኮት አጮልቃ ሳታይ አትከፍትም ነበር። የሃዝልን ልብስ ውጭ ማስጣት ተወች።

«እኛን አሮጊቶቹን ደግሞ ማን ይቆጥረናል?» ብላ ቨርና ሳቀችባት።

«የሚቆጥር አይጠፋም።»

አልጠፋም። አንድ ጠዋት የመንደሩ ተቆጣጣሪ ኮፍያውን አውልቆ ደጃፍ ቆመ።

«ጥቆማ ደርሶን ነው፣ እትዬ ኦርፋ። ስንት ናችሁ?»

«ሦስት። እህትማማቾች ነን» አለች።

«እንግዲያው የልደት ወረቀታችሁን አምጡልኝ። ውሸት ከሆነ ግን ሌላ ጣጣ አለው።»

የደጁን መቃን ያዘች። ይኼኔ ሃዝል ምርኩዟን እየጎተተች መጣች።

«ይቺ ሰው ከወደደች እህቴ ማለት ልማዷ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ። ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ መጥቶ ይወስደኛል።»

ሰውየው ጽፎ ሄደ።

«ማን ሂጂ አለሽ?» አለች ኦርፋ።

«አንዳችን መሄዳችን ካልቀረ፣ ዘመድ ያለኝ እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ፍርድ ቤት ብትቆሚ ልብሽ ይቆማል።»

ኦርፋ አትሂጂ ልትላት ፈለገች፤ ፍርሃቷ አፏን ያዘው። ቅዳሜ ሃዝል ሄደች፤ አልጋዋም አብሯት ተጫነ።

ሰኞ ተቆጣጣሪው ተመልሶ አልጋ ቆጠረ፤ ሁለት። አመስግኖ ወጣ። ኦርፋ ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«አበቃ እኮ» አለች ቨርና።

«ዛሬ ሁለት አሉ። ነገ አንድ ቢሉስ?»

ቨርና አሁን አልሳቀችም። ሄዳ በሩን ቆለፈችው።