የአልጋ ቁራኛዋ እና የምስጋናው ደብዳቤ

መርሳ ከተማ ውስጥ ማህሌት ደጀን ደብዳቤ ልትጽፍ መሆኗ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ሁሉ ተነገረ።

ማህሌት ወልድያ የምትማረው ወይዘሮ ፀዳለ በሚባሉ የደሴ ጡረተኛ ድጋፍ ነው። አይታቸው አታውቅም። የምስጋና ደብዳቤዋ እስከ ዓርብ ካልደረሳቸው የመጪው ዓመት ዕድል ለሌላ ተማሪ ያልፋል።

አራት መስመር ጽፋ ጨርሳ ነበር። እናቷ አሰለፈች ግን "እንዲህ ያለውን ባለሙያ ይየው" ብላ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ወደሚጽፉት ወደ ጋሽ ደምሴ ወሰደቻት።

ጋሽ ደምሴ አነበቡት። "በደሉ የታል?"

"በደል የለም፣ ጋሼ። ምስጋና ነው።"

"ምስጋና ባዶ እጁን አይላክም። እናትሽ ምን ሆነች?"

"ምንም። ይቺው ቆማለች።"

"መቆሟ ነው ያልጣመኝ" አሉና፣ እናቴ የአልጋ ቁራኛ ከሆነች ሦስት ዓመቷ ነው ብለው ጻፉ። ሲነበብላት አሰለፈች እንባዋ መጣ።

"ምስኪን" አለች።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ማህሌት ፈረመች።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ፣ ወይዘሮ ፀዳለ ከመናኸሪያው ደወሉ። ሕመምተኛዋን ሊጠይቁ መጥተዋል። አሰለፈች ማንጎ ከምትለቅምበት ጓሮ ሮጣ ገብታ፣ እግሯን እንኳ ሳትታጠብ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባች። ጎረቤት ተሰበሰበ። የተኛ ሰው ሳይጠየቅ አይታለፍምና፣ ጠዋት አብራት ማንጎ ስታወርድ የነበረችው ጎረቤቷም "እግዜር ይማርሽ" ብላ ተቀመጠች።

"ትላንት ትንሽ ቀሎላት ነበር" ስትል ለእንግዳይቱ አስረዳች። አሰለፈች አቃሰተች።

ወይዘሮ ፀዳለ የእጇን ትርታ ያዙ። ነርስ እንደነበሩ የተናገሩት ያኔ ነው። ማህሌት የመጪው ዓመት ትምህርቷ በሁለቱ ጣቶቻቸው መሀል ተይዞ ታያት።

"ልቧ ደህና ይመታል" አሉ።

ማህሌት ምሳ አቀረበች።

"ስመጣ መንገድ ላይ፣ ውርጌሳ በልቻለሁ፣ ልጄ። ጠግቤያለሁ።"

"ትንሽ ይቅመሱ፣ እማማ።"

"አልችልም" ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

አልጋው ላይ ማቃሰቱ ቆመ። እንግዳ ከአሰለፈች ቤት እህል ሳይቀምስ ሊወጣ ነው። ብርድ ልብሱን ገፍታ ወረደች፤ እጇን ታጠበች፤ ወጥ ያራሰው ጉርሻ ጠቅልላ በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

"በሞቴ" አለች።

ጎረቤቱ ሁሉ ወለሉን ያጠና ጀመር። ወይዘሮ ፀዳለ ጭቃ የያዘውን እግሯን አዩና አፋቸውን ከፈቱ። ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡ። ከዚያ ተመልሰው ገበታው ፊት ተቀመጡ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉና አፋቸውን ደግመው ከፈቱ።