ጠይባ አየር ላይ ያቆመችው ጨዋታ

መካነ ሰላም ውስጥ ደሳለው ፎቶ ኮፒ ቤቱን ከከፈተ ወዲህ እውነት ያወራባቸው ቀናት ቢቆጠሩ ያንድ እጅ ጣት አይሞሉም። ኮምፒውተሩ ላይ ኢሙሌተር ጭኗል፤ ድሮ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካ የነበረውን የጌም ማጫወቻ ተክታ የምትሠራ ነጻ ፕሮግራም ናት። ደሴ ካለ ወዳጁ በፍላሽ ገልብጧት ሲያበቃ፣ "ጃፓኖች ናቸው በስሜ በበቅሎ ጭነው የላኩልኝ፤ በቅሎዋ አባይን ስትሻገር ግማሹን ጌም አዞ በላው" ይላል። ሰው ይስቃል። ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው ግን ጠይባ ነበረች።

ጠይባ እዚያው ቤት ጽሑፍ ትተይብ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሟ ሙሐሲን ከጎን ካለው ልብስ ስፌት ቤቱ ይመጣና ሁለቱ ስክሪኑ ላይ ገደል የሚዘሉ ሰዎችን ያጫውታሉ፤ እሷ ቀዩን፣ እሱ ሰማያዊውን። ለሥራ ወደ ጅዳ የሄደች ዕለት ሚኒባሱ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ቀዩ ሰው ገና አየር ላይ ነበር።

"ሴቭ አድርገው ደሳለው! የድሮው ማሽን ሲጠፋ ጨዋታውም አብሮ ይጠፋል፣ ይቺ ግን ባቆምሽበት ትጠብቅሻለች አላልከኝም? ስመለስ እኔው አወርደዋለሁ። አንተ ሙሐሲን፣ እንዳትነካው!"

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልነካውም። በየዓርቡ ከጁምዓ መልስ ይመጣል፤ ደሳለው ይከፍትለታል፤ ቀዩ ሰው እጁን ዘርግቶ ገደሉ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አይቶት ይሄዳል።

አንድ ዓርብ ጠዋት የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ረመዳን ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

"ጠይባ ሞተች። ከጅዳ ለአጎቷ ተደወለ። አክስቶቿ ከከላላ እስኪደርሱ መርዶው አይነገርም፤ እናትና ልጅ አንድ ላይ ይስሙ። ሙሐሲንን ከሰዓት በኋላ እስካለው የዐስር ሶላት እዚህ ያዝልን። እንዳንተ የሚዋሽ የለም፤ ለዛሬ አላህ ይቅር ይልሃል።"

"እሺ፣ ሼህዬ" አለ ደሳለው። ጠይባ ትቀመጥባት የነበረችውን ወንበር ማየት አቃተው።

ሙሐሲን ከጁምዓ መልስ እየሳቀ መጣ። "እህስ ጋሼ ዋሾ፣ ዛሬ አዞው ምን በላ?"

"ምንም አልበላም።"

"ጅቡስ መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ አልመጣም?"

"ጅብ ምን መታወቂያ አለው? ቁጭ በል፣ ሻይ ላስመጣ።"

"አንተ ሻይ ልትጋብዝ?"

ደሳለው አፉን ከፈተ። በየቀኑ ያለ ጠሪ የሚመጣው ውሸት ዛሬ አልመጣለት አለ። ኮምፒውተሩን ከፈተለት። በመስኮቱ በኩል ሁለት ሰዎች የዕድር አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ወደ እነሙሐሲን ቤት አቅጣጫ ታጠፉ፤ ሙሐሲን በዓይኑ ተከተላቸው።

"ደሳለው፣ ከገባሁ ጀምሮ አንዲት አልዋሸህም።"

ደሳለው አንገቱን ደፋ።

"ጠይባ ናት?"

ደሳለው ወደ ወንበሯ ዞረ። ሙሐሲን ቀዩን ሰው የምታዘልበትን የእህቱን ጆይስቲክ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። አንድም ቁልፍ አልነካም።

"እማዬስ ሰማች?"

"አክስቶችህን እየጠበቁ ነው። እስከ ዐስር ሶላት ያዘው ብለውኝ ነበር።"

"አሁን ብሄድ ፊቴን አይታ ታውቃለች።" በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። "በል ዋሸኝ። የቀዩን ሰው ነገር ዋሸኝ።"

ደሳለው ጀመረ፤ ድምፁ ግን የራሱ አይመስልም። "ቀዩ ሰው እኮ ከጅዳ ተነሥቶ ባሕሩን ባንድ ዝላይ አለፈው። ከላላ ገበያ መሀል፣ አንዲት በቅሎ ጀርባ ላይ ዱብ! በቅሎዋ ደንግጣ ሽቅብ ወደ መካነ ሰላም ስትፈተለክ፣ ሚኒባሱን ሁለቴ ቀደመችው..."

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሹፌሩ ወርዶ ይለምናት ጀመር፣ እባክሽ ጎትቺኝ ብሎ..."

ሙሐሲን አልሳቀም። "ከዚያስ?" ይላል ብቻ። በቅሎዋ ከተማው መግቢያ ላይ ስትደርስ የዐስር አዛን ተሰማ። ሙሐሲን ጆይስቲኩን ሽቦው እንዳይጎተት ተጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ተነሣ።

"በቅሎዋን እዚህች ላይ አቁማት" ብሎት ወጣ።