አንድ ካርድ ለአንድ ሰው

ከብዙ ዘመን በፊት፣ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ ስመጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ኢሲዮሎ ደርሰን ይሁን አልፈን አላስታውስም። አንደኛው የሌላውን የመኪና ሒሳብ ሳያማክረው ከፍሎበት ኖሮ ሰውዬው ተቆጥቷል። የከፈለው፣ «ምን አጠፋሁ? ሰው ለሰው አይከፍልም እንዴ?» ሲል ትዝ ይለኛል። ያኛው፣ «መክፈሉንማ ማንም ይከፍላል፤ ከባዱ…» ብሎ ጀመረ። ከባዱ ምን እንደሆነ ግን አልሰማሁም። ወይ መኪናው ጮኾ ይሆናል፣ ወይ እኔን እንቅልፍ ወስዶኝ።

ነገሩን ያነሳሁት በእትዬ አስናቀች ምክንያት ነው።

እትዬ አስናቀች ኪሌሌሽዋ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ባለች ክፍል ይኖራሉ። በምግብ አብሳይነት ቀጥረዋቸው የነበሩት ሐበሾች ካናዳ ሲሄዱ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ግራ እግራቸው ላይ የስኳር ቁስል አለ። ማክሰኞና ዓርብ ፓርክላንድስ ካለ ክሊኒክ ሄደው ይታጠብላቸዋል፣ ይታሰርላቸዋል። ነርሷ አንድም ቀን እንዳይቀሩ አስጠንቅቃቸዋለች፤ ቁስሉ ከከፋ የሚቆረጠው እግር ነው። መንገዱ ደግሞ በዚያ እግር የሚሞከር አይደለም።

አውቶቡሱ ከኪሌሌሽዋ ተነስቶ መሃል ከተማን አልፎ ፓርክላንድስ ይደርሳል። ጠዋት ጠዋት እኔ ወደ ጫማ ሱቄ፣ በኃይሉ ወደ መጋረጃ ሱቁ፣ የሺወርቅ ፓርክላንድስ ወዳለው ምግብ ቤቷ የምንሄደው በእሱ ነው። እንደ አገራችን ወግ ቀድሞ ከኮንዳክተሩ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ የሐበሻውን ሁሉ ይከፍላል። ይከፍላል ስል ዝም ብሎ አይደለም። መጀመሪያ ትግል አለ። እትዬ አስናቀች የጥቁር ቦርሳቸውን ዚፕ ይይዙና የኮንዳክተሩን እጅጌ ይጎትታሉ፤ ዛሬስ የእኔ ነው፣ በማርያም፣ ሁልጊዜ እናንተ፣ እኔ ሰው አይደለሁም ወይ ይላሉ። እኛ እጃቸውን እንገፋለን። ተሸንፈው ይቀመጡና መሃል ከተማ እስክንደርስ ያኮርፋሉ። በሚቀጥለው ካልከፈልኩ ከእናንተ ጋር አልሳፈርም ብለው ይዝታሉ። በሚቀጥለውም ያው ነው። ኮንዳክተሩ ሙቱኩ የሚባል የካምባ ሰው ነበር፤ ለምዶን፣ ትኬቱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ቆሞ ይጠብቃል። «እናንተ ሐበሾች መጀመሪያ ተደባደቡ፣ ከዚያ ትከፍሉኛላችሁ» ይለን ነበር።

የአውቶቡስ ካርዱ የመጣው ከኬንያው የምርጫ ረብሻ በኋላ ባለው ዓመት ነው። የአውቶቡሱ ድርጅት ራሂሲ የሚል ስም አወጣለት፤ በስዋሂሊ ቀላል ማለት ነው። በአውቶቡሱ በጥሬ ገንዘብ መሳፈር ቀረ። አስቀድመህ ካርዱን ትሞላለህ፣ በሩ ላይ ካለው ማሽን ታስጠጋዋለህ፣ አረንጓዴ ከበራ ትገባለህ፣ ቀይ ከበራ ትወርዳለህ።

በዚያ ሰሞን በአውቶቡሱ ውስጥ ያልሰማሁት እርግማን የለም። እኔ ብዙ አልናገርም፤ መስማት ይቀናኛል። አንዲት ባንክ የምትሠራ ሴት ትናንት የሞላሁትን ዛሬ ማሽኑ የለሽም አለኝ ብላ፣ በዚያ በደህና ልብሷ ዝናብ ውስጥ ቆማ፣ በእናቷ ቋንቋ ስትሳደብ ሰማሁ። አንድ ግንበኛ ሹፌሩን አንገቱ ሥር ገብቶ፣ እኔን አሠሪዬ የሚከፍለኝ ማታ ነው፣ እናንተ ግን ገና ያልሠራሁትን ጠዋት ትወስዳላችሁ፣ ከእሱ በምን ትሻላላችሁ ይለዋል። ሹፌሩ መንገዱን እንጂ ሰውየውን አያይም። ሙቱኩም ተለወጠ። ካርዱ የኮንዳክተሮችን ሌብነት ለማስቀረት ነው ስለተባለ፣ ሌባው እሱ መሆኑ ነውና፣ ሳቁን አጥፍቶ ማሽኑ ላይ አፍጥጦ ይውላል።

የእኛ ቁጣ ሌላ ነበር። በኃይሉ ካርዱን አልነካም ብሎ ምሎ፣ ሁለት ቀን በእግሩ ሄዶ፣ በሦስተኛው ገዛ። በገዛበት ጠዋት እንደ ወትሮው ቀድሞ ገብቶ ለራሱ አስጠጋ፤ አረንጓዴ። ከዚያ ዞር ብሎ እትዬ አስናቀችን ይግቡ እያለ ደገመው። ቀይ በራ። እንደገና አስጠጋ። ቀይ። ካርዱን በሸሚዙ ጠርጎ ሞከረ። ከኋላ ሰልፉ ይጮኻል።

«ሐበሻ፣ አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው» አለው ሙቱኩ።

«ሰው ይዤ ከሆነስ?»

«ሰውየውም የራሱን ይያዝ።»

በኃይሉ ማሽኑን በጥፊ መታው። ምን ዓይነት አገር ነው፣ ሰው ለእናቱ መክፈል የማይችልበት፣ እያለ መሃል ከተማ ድረስ ተቆጣ። የዚያን ዕለት ሙቱኩ ዓይኑን ጨፍኖ አስገባቸው፤ ሁለተኛ ግን አልችልም፣ ያባርሩኛል አለ።

እትዬ አስናቀች የራሳቸውን ካርድ እንዳያወጡ የያዛቸው የስደተኛ ወረቀታቸው ነው። ካርድ የሚሸጠው ልጅ ወረቀቷን ገልብጦ አይቶ፣ ይቺ ማሽኑ ውስጥ አትገባም ብሎ መለሳቸው። በኃይሉ ሚስቱ ውዴ ከቤት ስለማትወጣ በእሷ ስም ካርድ አወጣና አምጥቶ ሰጣቸው። አልቀበልም ብለው ብዙ ታገሉ። እሱም ለመነ፣ ተቆጣ፣ ጉልበታቸውን ያዘ። በመጨረሻ እከፍልሃለሁ ብለው ተቀበሉት። ሁላችንም ነገሩ አለቀ አልን። ካርዱ ላይ የውዴ ፎቶ እንዳለ ያሰበ ሰው አልነበረም። የእኛ ሰው ለሰው ሲሰጥ ፎቶ አያይም።

ማክሰኞ ቀን ነው። በኃይሉ የለም፤ እኔና የሺወርቅ ነበርን። ሁለት ተቆጣጣሪዎች ገቡና ካርድ እያስወጡ ከፊት ከፊት ያመሳክሩ ጀመር። አንደኛው እትዬ አስናቀች ጋ ደረሰ። ፎቶውን አየ፣ እሳቸውን አየ።

«ማማ፣ ስምሽ ማን ነው?»

ይህችን ያህል ስዋሂሊ ይሰማሉ። ውዴ ነኝ ቢሉ ምናልባት ያልፋቸው ነበር፤ ሰውየው ፎቶ በደንብ የሚያይ ዓይነት አልነበረም። እሳቸው ግን ለምንም ነገር የማይዋሹ ሰው ናቸው።

«አስናቀች» አሉ።

እንግዲያው የሰረቅሽው ነው አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የሰው ካርድ የያዘ ቅጣት ይከፍላል፣ ካልከፈለ ይወርዳል አለ። እኔ ተነስቼ እጄን ኪሴ ከተትሁ። እትዬ አስናቀች እንደ ልማዳቸው እጄን ያዙኝ፤ «ተው ረታ፣ እኔ አለሁ» አሉ። የዘመናት ልማድ ነውና ሳያስቡት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዚፑን እስከ ዳር ከፈቱት።

እኛ በዚህ ጊዜ እጃቸውን መግፋት ነበረብን። እኔ በእሳቸው እጅ ተይዣለሁ፤ የሺወርቅ ሁለት ወንበር ርቃለች። ተቆጣጣሪው ደግሞ ወጋችንን አያውቅም። እጃቸውን አልገፋም። ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን እያየ ጠበቀ።

ቦርሳው ውስጥ የጠበል ጠርሙስ፣ የቁስል ጨርቅ ጥቅልልና የክሊኒኩ ቀጠሮ ወረቀት ነበሩ። ሌላ ምንም የለም። በአካባቢው የተቀመጠው ሁሉ አየ። እትዬ አስናቀችም ቀና ብለው እኛ ስናይ አዩን።

ሰውየውን አንገቱን ብይዘው ደስ ባለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለቁጣ የዘገየሁ ልሁን እያልሁ የምጸልይ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ጸሎቱም ጠፋብኝ። ገንዘቡን ወረወርሁለት። እትዬ አስናቀች ግን ቦርሳቸውን ዘግተው ተነስተው ነበር። አውቶቡሱን አስቁመው ወረዱ። ተከትዬ ወረድሁ። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ተመለስ፣ ሥራህ ይረፍድብሃል» አሉኝና እያነከሱ ወደመጡበት ሄዱ። ከኋላቸው ራቅ ብዬ ግቢያቸው እስኪገቡ ሸኘኋቸው።

ዓርብ አልመጡም። በሚቀጥለው ማክሰኞም አልመጡም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በኃይሉ ሰው ሰብስቦ ነበር። ድርጅቱ ቢሮ ድረስ ሄዶ ጮኾ ነበርና ድምፁ ዘግቷል። ቢሮው ውስጥ ያገኘው ሰው ሻይ አቅርቦለት፣ ከካርዱ ወዲህ ሌብነት ቀንሷል፣ እናመሰግናለን ብሎ ሸኝቶታል። ይኸው ሻይ ነበር ይበልጥ ያቃጠለው። እትዬ አስናቀችን ይዘን ሄደን ጋዜጠኛ ፊት እናናግራቸው ይላል። ሰውም አዎ፣ እናናግራቸው ይላል።

የሺወርቅ ከጎኔ ቆማ ነበር። ነርሷ ምግብ ቤቷ ትመጣለችና ይህን ነግራታለች፤ ሴትዮዋ በዚህ ከቀጠሉ ከጣት አልፎ እግር ይሄዳል። ይህን ነግራኝ ስታበቃ ግን ዝም አላለችም።

«ግን አያስቅም ረታ? ያ ሁሉ ትግል፣ በባዶ ቦርሳ?»

ቁጣዬ ከዚያ ተቆጣጣሪ ላይ ተነስቶ እሷ ላይ አረፈ። «አታውቂም ነበር?» አልኋት።

«አውቅ ነበር» አለች። ሳቋ ወዲያው ጠፋ። «ማን የማያውቅ ነበር? አንተ አታውቅም ነበር?»

በኃይሉ አሁንም ጋዜጠኛ፣ ጋዜጠኛ ይላል። ጥዬያቸው ወጣሁና ወደ ኪሌሌሽዋ ሄድሁ።

እትዬ አስናቀች በር ላይ ተቀምጠው የሰው ነጠላ ይቋጫሉ። እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለዋል፤ ጨርቁ ቢጫ አርግዟል፣ ሽታውም ከበሩ ይቀበላል። ተቀመጥ አላሉኝም። ስለ ነርሷ ነገርኋቸው። በኃይሉ በታክሲ ሊወስዳቸው እንደሚፈልግም ነገርኋቸው። ክሩን በጣታቸው ጠምዝዘው ጨርሰው ቀና አሉ።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልሁ።

«በየጊዜው እጄን ስትገፋ?»

«አዎ እትዬ።»

«እኔ ደግሞ እየደበቅኋችሁ መስሎኝ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ የተቆጣ ድምፅ ነው። «አውሬው ሰውዬ እንኳ አንድ ጊዜ ነው ያዋረደኝ። እናንተ አዘናችሁልኝ። ስንት ዓመት አዘናችሁልኝ ረታ?»

አላዘንንም፣ ወደድንዎ እንጂ ልል አፌን ከፈትሁ። እውነቱ ግን ሁለቱም ነበርና ዘጋሁት። እሳቸው ክሩን ሳቡና ሌላ ቋጠሮ ጀመሩ።

«ዓርብ እሄዳለሁ» አሉ። «በካርዳችሁ አይደለም። በበኃይሉ ታክሲም አይደለም። በማታቱ፣ በሚኒባሱ። እነሱ ገና ሳንቲም ይቀበላሉ። ይህን ነጠላ ስጨርስ የሚሰጡኝ አለ።»

«ደግ። አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ትሄዳለህ። ግን የእኔንም ያንተንም የምከፍለው እኔ ነኝ። ስንሄድም ስንመለስም።» ጣታቸውን አነሱብኝ። «እጅህን ኪስህ አትከትም። እጄን አትገፋም። ኮንዳክተሩ የሳንቲም መልስ ሲሰጠኝም ዞር ብለህ አታይም።»

በዚያ ገንዘብ ምን መግዛት እንዳለባቸው አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ምን እንደሌለም ከበሩ ሆኜ አይቻለሁ። አይሆንም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሷል፤ እልህም፣ ቁጣም፣ ፍቅርም ነው፣ ለይቼ አላውቀውም። እግራቸውን አየሁ። እሳቸው ዓይናቸውን እንጂ እግራቸውን እንዳይ አልፈለጉም።

«ካልሆነ አልሄድም» አሉ።

እሺ፣ እርስዎ ይክፈሉልኝ አልኋቸው።